የአንዋር ተራ

ኅዳር 24፣ 2017

ወንድሜ ዛሬ ጅዳ ተቀምጦ ከሚሴ ያለ ታንኬን አቃጠለብኝ። የላከውን የድምፅ መልእክት ደጋግሜ ሰማሁት፤ ግማሹ ሳቅ ነው። አንዋር ሲስቅ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲሁ ነው።

እንዴት እንደምንጫወት ልጻፈው፤ አንድ ቀን እኔም ልረሳው እችላለሁ። አንዋር እዚያ የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ይጠብቃል። አምና ሚፍታህ የሚባል የአገራችን ልጅ ከጅዳ ሲመለስ አንዋር በሱ እጅ በጫማ ካርቶን አድርጎ ታንኮች ላከልኝ፤ አውራ ጣት የሚያካክሉ፣ የዛሬ ዘመን ታንኮች። ተመሳሳዮቻቸውን እሱ ጋ አስቀርቷል። ሁለታችንም ያደግንበትን የጨፋ ሜዳ በአንድ ልክ ሠራን፤ እሱ በካርቶን ላይ፣ እኔ አክስቴ ቶይባ ባስነቀለችው አሮጌ በር ላይ። ወንዙ ቦርከና ሰማያዊ የኤሌክትሪክ ቴፕ ነው። ማሳው የተቆራረጠ የማሽላ አገዳ ነው። አንዱ ታንኩን ሲያንቀሳቅስ ፎቶ ይልካል፣ ሌላው በራሱ ሰሌዳ ላይ ያንኑ ያደርጋል። ከዚያ ተራው ይዞራል።

ያስቸገረን ሕጉ ነው። የጦርነት ጨዋታ ያለ ሕግ የልጆች ጭቅጭቅ ነው፤ ታንክ ስንት ጣት ይሄዳል፣ ማን ማንን ያያል፣ ዳይሱ ስንት ሲመጣ ይቃጠላል፣ ሁሉም ተጽፎ መገኘት አለበት። ኢንተርኔት ላይ እንዲህ ያለ የእንግሊዝኛ ሕግ ሞልቷል። የያዝነውን «ወፍራሙ» ብለነዋል። አንድ ጥይት ለመተኮስ ርቀቱን ታያለህ፣ የመድፉን ዓይነት ታያለህ፣ የብረቱን ውፍረት ታያለህ፣ ከዚያ ሠንጠረዡ ወደ ሌላ ሠንጠረዥ ይልክሃል። መታወቂያ ለማውጣት እንኳ ሰው እንዲህ አይመላለስም።

አንዋርም ስቆ ሲጨርስ ያለው ይህንኑ ነው። «ኢልዩ፣ ይሄ የሥራ ፈት ሕግ ነው ወላሂ። ሌላ ፈልግ። የሚጫወቱት ይሁን፣ የሚያልቅ። አንተ ምረጥ፣ እኔ በመረጥከው እገባለሁ። እስከዚያ የኔን ተራ አስብበታለሁ።»

ተራው የሱ ነው።

ኅዳር 30

የመውጫ ፈተናው የካቲት ላይ ነው። ሰኔ ላይ ወድቄያለሁ፤ ይህ ሁለተኛዬ ነው። የውሃ ምህንድስና መጽሐፌን ከፍቼ ውስጡ የታንክ ሕግ አድርጌ ሳነብ አክስቴ ያዘችኝ።

«ኢንጂነር ይመጣልናል ብለን ስንጠብቅ ሕፃን መጣልን» አለች። ልጇ ከውሰር እስክትንፈራፈር ሳቀች። የከውሰርን ሳቅ ግን አልጠላሁትም፤ ቢያንስ ቤቱ ውስጥ ድምፅ አለ።

ታኅሣሥ 4

ሁለተኛውን ሕግ አነበብኩ። ዩሱፍ አተመልኝ። ዩሱፍ መናኸሪያው አጠገብ የኮፒ ቤት አለው፤ ከሚሴ ውስጥ ስለ ታንኮቹ ሳወራ ዓይኑን የማያዞር እሱ ብቻ ነው።

ሕጉ ቆንጆ ነው ግን አይሆንም። አንተ ስትንቀሳቀስ ባላጋራህ መሃል ገብቶ መተኮስ ይችላል። ፊት ለፊት ለተቀመጡ ሰዎች ግሩም ነው። ለኛ ግን አንድ ታንክ ሁለት ጣት በተራመደ ቁጥር «ትተኩሳለህ ወይስ ትተዋለህ?» ብዬ ጅዳ ድረስ መጠየቅ አለብኝ፤ እሱ ደግሞ ሥራ ላይ ነው። የተራራቁ ሰዎች የሚጫወቱበት ሕግ ሰው ተራውን ሳይቋረጥ የሚጨርስበት መሆን አለበት። ይህን ለአንዋር በድምፅ ላክሁለት። ሲመቸው ይሰማዋል።

ታኅሣሥ 10

ከአንዋር ምንም የለም። ኔትወርክ ይሆናል። እዚህም ሲሄድ ሲመጣ ነው የዋለው።

ታኅሣሥ 12

አክስቴ ትናንት ጎህ ሳይቀድ ጨፋ ሄዳ ነበር፣ እናቴ ጋ። ዛሬ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። «የመንገዱ አቧራ ነው» አለች። ከውሰርን ወደ ጓዳ ጠራቻትና ብዙ ቆዩ። ከውሰር ስትወጣ አየችኝና ወደ ውጭ ሮጠች።

እናቴ በስልክ «ዘንድሮ ለአጨዳው አትምጣ ልጄ» አለችኝ። ጆሮዬን አላመንኩም። በየዓመቱ አንድ ቀን ብዘገይ «ከተማ በላው» እያለች ለመንደሩ የምትከሰኝ ሴት ናት። «ማሽላውን ጎረቤት አጭዶልናል፣ አንተ ለፈተናህ አንብብ» አለች። ድምፅዋ ደህና ነው፣ እንዲያውም ከወትሮው ደመቅ ያለ ነው። ከኋላዋ የላም ድምፅ ይሰማል። በረት ውስጥ ምን አስገባት?

አንዋር ደውሎላት እንደሆነ ጠየቅኋት። ስልኩ ተቋረጠ።

ታኅሣሥ 16

አልጻፈም።

ምናልባት የላክሁት መልእክት አስከፍቶት ይሆናል። «አንተ ሥራ ላይ ነህ» ስለው ሥራውን የናቅሁ መስሎት ይሆን? ዘበኛ መሆኑን ማንም እንዲያነሳበት አይወድም። ምን አስቸኮለኝ። «ሰላም ነህ ወይ?» ብቻ ብዬ ሌላ ላክሁ።

ታኅሣሥ 19

ዳቦ ልገዛ ስወጣ የማላውቃቸው ሽማግሌ አስቆሙኝ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና «ጀባዱ ልጄ፣ ጀባዱ» አሉኝ። በርታ ማለት ነው። ከሚሴ ለፈተና እንዲህ የምታስብ ከተማ መሆኗን አላውቅም ነበር። ባለ ሱቁም ዳቦውን ሰጥቶኝ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ።

ከዚያ ዩሱፍ ጋ ሄድኩ። ከመግባቴ በፊት ውስጥ አንድ ሰው «እስካሁን አልሰማም እንዴ?» ሲል ሰማሁ። ዩሱፍ «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አለው። ስገባ ሁለቱም ማተሚያውን ያዩ ጀመር፤ ማተሚያው ግን አይሠራም ነበር።

ስለ ታንኮቹ ነው የሚያሙኝ። የሃያ አራት ዓመት ሰው፣ ፈተና የወደቀ፣ አክስቱ ቤት በር ላይ አገዳ ተክሎ ታንክ የሚነዳ። እውነታቸውን ነው። የማማ ሰው ብሆን ኖሮ እኔም አማው ነበር።

ታኅሣሥ 22

ከሰዓት በኋላ ሰዉ ሁሉ በርጫ ይገባል። እኔ ጫት አልቅምም፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ከተማው የኔና የፍየሎቹ ነው። ሦስተኛውን ሕግ ይዤ ዩሱፍን ጠበቅሁት። ሲመጣ አብረን እንድናነበው ለመንኩት።

አንድ ገጽ አገላብጦ «ስማ ኢልያስ» አለ። «አንዳንዱ ሕግ መጨረሻው ላይ ብቻህን የምትጫወትበት ክፍል አለው አይደል? የባላጋራህን ታንክ በዳይስ የሚያንቀሳቅስ።»

«አለው።»

«እሱን ለምን አትለምደውም?»

«ለምን እለምደዋለሁ? ባላጋራ አለኝ እኮ!»

ጮኬ ነበር መሰለኝ፣ ውጭ የቆመ የባጃጅ ሹፌር ዞሮ አየን። ዩሱፍ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ እንደገና አውልቆ ጠረገ። «እሺ፣ እሺ በቃ። ባላጋራ አለህ» አለኝ። ወረቀቱን እዚያው ትቼ ወጣሁ።

ታኅሣሥ 29

ከዩሱፍ ጋ አልተገናኘንም። የሚያናግረኝ ሰው የለም ማለት አይደለም፤ ሁሉም ያናግረኛል። አክስቴ ሥጋውን ለኔ ታወጣለች። ከውሰር መሳቅ ትታለች፣ ሻይ አምጥታልኝ ቆማ ታየኛለች። ማንም ስለ አንዋር አንድ ነገር አይጠይቀኝም። ድሮ «ያ ባለጌ ምን አለ?» ሳይሉኝ አይውሉም ነበር።

አክስቴ ሕፃን ብላ መስደቡንም ተወች። ዛሬ ክፍሌን ስትጠርግ አየኋት። ሰሌዳ ባደረግሁት በር ላይ ያለውን አቧራ በጨርቅ ጫፍ፣ በታንኮቹ መሃል መሃል ታነሳለች፤ አንዱንም አልነካችም። የአንዋር ታንኮች ጋ ስትደርስ ጨርቁን አስቀመጠችና በነጠላዋ ጠረገች።

ጥር 3

ባለ አንድ ገጹን ሕግ አገኘሁ! ዕድሜ ለቴሌግራም። ሁሉም ነገር በአንድ ገጽ፤ ሠንጠረዥ የለም፣ መሃል ገብቶ መተኮስ የለም። በተራህ አንዱን ታደርጋለህ፦ ትሄዳለህ፣ ትተኩሳለህ ወይም ታሳልፋለህ። ሞከርኩት፤ ከአስር ሰላት እስከ መግሪብ ሙሉ ጨዋታ አለቀ።

አንድ ጉድለት አለበት። ማሳለፍ ገደብ የለውም። ሁለቱም ሰዎች «አሳልፌያለሁ» ካሉ ጨዋታው እስከ ቂያማ ቀን አያልቅም። አንዋር ያለው ደግሞ የሚያልቅ ነው። ጣልኩት። ጸሐፊው ይህን እንዴት አላየም? እኔ የመጀመሪያው ቀን ያየሁትን!

ጥር 6

አምስተኛው። ድብቅ ምልክት ያለበት። ታንኩን አታስቀምጥም፤ ክዳን ታስቀምጣለህ። ከአንዳንዱ ክዳን ሥር ታንክ አለ፣ ከአንዳንዱ ምንም የለም። ባላጋራህ ያውቃል፣ አንተ አታውቅም። ቀርበህ እስክታይ ድረስ ሁሉም ክዳን አንድ ነው።

ብዙዎች ይህን ሕግ ያወድሱታል። እኔ አልወደድኩትም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ስልኬን ዘግቼ ተኛሁ።

ጥር 12፣ ሰኞ

ባቲ ሄድኩ። ለአክስቴ «መጽሐፍ ልገዛ» አልኳት፤ ባቲ ግመልና አሞሌ እንጂ የምህንድስና መጽሐፍ እንደማይሸጥ እሷም ታውቃለች። የሄድኩት ሚፍታህን ፍለጋ ነው፣ ካርቶኑን ያመጣልኝን። ገበያ ላይ ጫማ ይሸጣል፣ ከአንዋር ጋ አንድ ክፍል ውስጥ ኖሯል።

ከሩቅ ሳየው ሳቅኩ። እሱ ሲያየኝ የያዘውን ጫማ ጣለው። አንስቶ አራገፈው፣ ከዚያ አቀፈኝ፤ ረጅም ጊዜ ሳይለቀኝ ቆየ።

«አካም ጅርታ? ደህና ነህ? ቤተሰብ ነጋ ነው? ሁሉ ሰላም?»

«ነጋ ነው። አንዋር አይመልስልኝም። ደውሎልሃል?»

«ስልኩ... ስልኩ ተበላሽቶ ይሆናል ወንድሜ። እዚያ ሙቀቱ ስልክ ይበላል።» ከዚያ «እ፣ ምን ልስጥዎት?» ብሎ ዞረ። ከኋላው ማንም አልነበረም።

ስሄድ አዲስ ጫማ በፌስታል አስጨበጠኝ። አልቀበልም ስለው «ለፈተናህ አድርገው፣ ዝም ብለህ አንብብ» አለኝ። እኔ ስለ ፈተና አላነሳሁበትም። ከሚሴ ያለው ፈተናዬ ባቲ ገበያ ድረስ መድረሱን ሚኒባስ ውስጥ ሳስብ መጣሁ። ከዚያ ማሰቡን ተውኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ። እኔ ግን ምንም የማውቀው የለም።

ጥር 19

አነባለሁ። የግድብ ጫና። የቱቦ ግፊት። እናቴ ደወለች፣ አሁንም ከበረት። እኔም ደመቅ ብዬ አወራኋት።

ጥር 25

ለአንዋር የላክሁለትን ሁሉ መልሼ ሰማሁት። «ሰላም ነህ ወይ?» የሚለው ድምፄ የልጅ ነው። ዛሬ ምንም አልላክሁም።

ሕጉን መምረጥ አለብኝ። ቢመልስና «የቱን መረጥክ?» ቢለኝ ምን እላለሁ? ምርጫው እስካልተደረገ ድረስ ደግሞ ሊመልስ አይገባውም፤ የተባባልነው እንዲህ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የኔ ነው። ይህን ጽፌ ሳነበው የሞኝ ነገር መሆኑ ይታየኛል። ቢሆንም አልሰርዘውም።

ጥር 29

ነገ ወደ ደሴ። ዩሱፍ ሳልጠራው መጣ፣ ታረቅን፤ በምን እንደተጣላን እንኳ አላነሳንም። «ተፈትነህ ስትወጣ እኔ ነኝ የምወስድህ፣ ከማንም ጋ እንዳትሄድ» አለኝ። አክስቴ እጇን ግንባሬ ላይ አድርጋ ዱዓ አደረገችልኝ። ዱዓው ረዘመ። አሚን እያልኩ ሳለ ማልቀሷን ሰማሁ። ቀና ብዬ አላየሁም፤ እንዳላይ ነበር የፈለገችው።

የካቲት 4

ተፈተንኩ። ዩሱፍ የግቢው በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። መንገዱን ሙሉ ስለ ሕጎቹ ጠየቀኝ፣ አንድ በአንድ። ማን ማንን ያያል፣ ዳይሱ ስንት ሲመጣ... እኔም ሁሉንም አስረዳሁት። እንዲህ በደንብ ሰምቶኝ አያውቅም። ከሚሴ እስክንደርስ ዝም እንድል አልፈለገም።

ቤት የተሠራው ምግብ ብዙ ነው። ማንም አልበላም።

የካቲት 5

ከሱብሒ ሰላት በኋላ የመስጊዳችን ሸህ አብዱልጀሊል ሦስት ሽማግሌ አስከትለው ገቡ። ጫማቸውን በራፉ ላይ ሲያወልቁ ሰማሁ። ተነስቼ ልብሴን ለበስኩ፣ የሚፍታህን ጫማም አደረግሁ፤ ከዚያ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ እስኪጠሩኝ ጠበቅሁ።

መርዶ ነው።

አንዋር ሞቷል። ታኅሣሥ ሰባት ቀን፣ ከሥራ ወጥቶ መንገድ ሲሻገር መኪና ገጭቶት። እዚያው ጅዳ ተቀብሯል። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

የካቲት 11፣ ጨፋ

ለቅሶው አልቆ ነው የደረስኩት። ይህን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ድንኳኑ ከፈረሰ ቆይቷል፣ ሰደቃው ወጥቷል፣ ማሽላው ታጭዶ ተወቅቷል። ሰዉ ለኔ ሲል እንደገና ሰብሰብ አለ፤ ስገባ ሴቶቹ አለቀሱልኝ፣ እውነት አለቀሱልኝ፣ ግን የነሱ እንባ መንገዱን የጨረሰ እንባ ነው። ትንሽ ቆይተው ስለ ረመዳን መግቢያ ያወራሉ። የኔ ገና ትናንት የጀመረ ነው። ያ ሁሉ ሰው እያለ ለወንድሜ ብቻዬን አለቀስኩለት።

ተናደድኩም። አገር አልቅሶለት እኔ ወንድሙ አገዳ ስተክል! ለእናቴ «ለምን?» አልኳት። «ለምን ከለከላችሁኝ?»

ከስታለች። እጄን ይዛ «ሰኔ ላይ ስትወድቅ አንዋር ምን አለኝ መሰለህ?» አለችኝ። «‹እማዬ፣ እሱ እንዲያልፍ እኔ ልውደቅ› አለኝ። አሁን ፈተናህ እንዴት ነበር?» እያለቀሰች ነው የምትጠይቀኝ። «ደህና ነበር» አልኳት።

ከቤቱ ጀርባ በረቱን አየሁት። ቤቱ በለቀስተኛ ሲሞላ የምታናግረኝ ላሞቹ መሃል ቆማ ነው። እንባዋን ጠርጋ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ «ዘንድሮ አትምጣ ልጄ»። እዚያው ላሞቹ መሃል ቆሜ ንዴቴ ሁሉ አለቀ።

አላውቅም ነበር ብዬ አልምልም። አውቄም ከሆነ ያ ሁሉ ሰው እንዲያ ሲደክምልኝ «ንገሩኝ» ማለት አልቻልኩም። ደግሞ እስካልነገሩኝ ድረስ ተራው የሱ ነበር።

የካቲት 20

ከሚሴ። ቤቱ እንደነበረ ነው፣ በሩም፣ ታንኮቹም። ታንኮቹን ወደ ጫማ ካርቶኑ ልመልሳቸው ብዬ ተቀምጬ ሳለ ከማላውቀው የሳዑዲ ቁጥር መልእክት መጣ። እንድሪስ እባላለሁ ይላል፤ ከአንዋር ጋ አንድ ክፍል ይኖር የነበረ ነው። አላህ ያጽናህ፣ እቃውን ስሰበስብ ይህን አልጋው ሥር አገኘሁ፣ ምን እንደሆነ አልገባኝም፣ አንተ ታውቀዋለህ ብዬ ነው ይላል። ፎቶ አለው።

የአንዋር ካርቶን ነው። የኛ ጨፋ፤ ቦርከናውን እሱ በቀይ ቴፕ ነበር የሠራው፣ ሰማያዊ አጥቶ።

ተራውን ተጫውቷል። ከኮረብታው ጀርባ ደብቆት የነበረውን ታንክ፣ ያንን እኔን ያቃጠለኝን፣ አውጥቶ ወንዙን አሻግሮታል። ገላጣ ሜዳ ላይ፣ የኔ መድፍ ፊት አቁሞታል። ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ወይ ሌላ ወጥመድ አስቦ ነው፣ ወይ እንደገና ልፈተን ስል ሊያስደስተኝ ነው። አንዋር ሲሠራ አይቼ የማላውቀው ስህተት ነው። በወፍራሙም ሕግ፣ በሁለተኛውም፣ በክዳኑም ሕግ፣ ብተኩስ ይቃጠላል።

በሩ ላይ ታንኩን አንስቼ እሱ ባቆመበት አቆምኩት። ከውሰር ሻይ ይዛ ገባች። ቆማ አየችና «አሁን ተራው የማን ነው?» አለችኝ። ከታኅሣሥ ወዲህ ስለ ጨዋታው ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነው።

«የኔ» አልኳት።

ባለ አንድ ገጹን ሕግ ፈልጌ አወጣሁት፤ ያንን የጣልኩትን፣ የማያልቀውን። መርጫለሁ። በተራህ ትሄዳለህ፣ ትተኩሳለህ ወይም ታሳልፋለህ ይላል።

አሳለፍኩ።